ለሰው ምልክት አልነበረንም

ይህን ነገር የነፍስ አባቴም አያውቁት። ጾም የገደፍኩበትን፣ ሰክሬ የገባሁበትን፣ ሚስቴን በክፉ አፍ የተናገርኩበትን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ "ሌላ የለም አባ" እያልኩ መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ሌላ ነበር። እያለ የለም ብያለሁ። መስቀሉ ግንባሬን አለማቃጠሉ ይገርመኛል። እንግዲህ አንተ ይህን የምታነበው ሰው፣ ቄስ ሁን አትሁን ግድ የለኝም፣ አረፍ በልና ስማኝ። ፍታኝ አልልህም። ስማኝ ብቻ።

ሹፌር ነኝ። ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ ደብረ ታቦር ሚኒባስ ስነዳ ነው የሸበትኩት። "ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ" እያልኩ እፎክር ነበር። የምሬን ነው፣ ጨፍኜ የነዳሁትም እኔው ነኝ።

አንድ ጊዜ ራዳር የሚሉት ነገር መጣብን። ነጭ ፒካፕ ናት። ከዓለም በር ወደ ደብረ ታቦር ስትወጣ ዳገቱ አልቆ መንገዱ ሜዳ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው የእግር መንገድ አስፋልቱን የሚያገኘው እዚያው ላይ ነው። ፒካፗ እዚያ ባሕር ዛፍ ሥር ትቆማለች፤ ትራፊኳ ውስጧ ተቀምጣ መሣሪያዋን ታነጣጥራለች፤ አንተ ገና ከሩቅ ብቅ ስትል ፍጥነትህን ታውቀዋለች። ከዚያ ወዲያ መማል መገዘት የለም፣ መሣሪያው ይመሰክርብሃል። ትራፊኳ ደግሞ ሳጅን ናት፤ በምልጃ የማትበርድ፣ በጉቦ የማትደለል፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት። ስንቱን ሹፌር አስለቅሳለች መሰለህ! እኛም ምሳ ቤት በተሰበሰብን ቁጥር እሷን ሳናማ እጃችንን አንታጠብም ነበር።

እውነቱን ልንገርህ? ራዳሯ የቆመች ቀን እዚያ ቦታ ላይ ሁላችንም እንደ ሙሽራ መኪና ነበር የምንሄደው። አሮጊት በሰላም ትሻገራለች፣ ከብት በሰላም ይሻገራል። ከራዳሯ ዓይን እንደወጣን ግን የጠፋብንን ጊዜ ለማካካስ እንከንፍ ነበር። ታዲያ ራዳር ጠቀመ ወይስ ጎዳ? ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ "ጎዳ እንጂ!" ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እከራከርህ ነበር። ዛሬ መልሴ ሌላ ነው። እሱን ከመስማትህ በፊት ግን ያደረግሁትን ስማ።

ሹፌር የራሱ ቋንቋ አለው። ከፊት ለፊት ለሚመጣው መኪና መብራት ብልጭ ካደረግህለት "ራዳር አለች፣ ቀስ በል" ማለት ነው። መዳፍህን ከፍተህ ወደ ፊት ከገፋህለት ደግሞ "የለችም፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ ንካው" ማለት ነው። ይህን ለወንድሙ የማያደርግ ሹፌር ከሰው አይቆጠርም፤ መናኸሪያ ውስጥ ሰላም የሚለው አያገኝም። የውሸት ምልክት የሚሰጥማ ከሌባ እኩል ነው። ለራዳር መኖር አንድ ምልክት፣ ለራዳር አለመኖር አንድ ምልክት፤ ይኸው ነው ቋንቋችን። ለሰው ምልክት አልነበረንም። መንገዱ ላይ ሰው አለ፣ ሕፃን አለ የምንባባልበት ነገር ለማውጣት ማናችንም አስበን አናውቅም። ሥራችን ሰው ማመላለስ ሆኖ ሳለ!

ይርጋ የሚባል የአንድ መስመር ሹፌር ጓደኛ አለኝ። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አበልጄ ነው። ሳቂታ፣ ተረበኛ፣ አንዴ አፉ ውስጥ የገባህ እንደሆነ የማይለቅህ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ኩሩ ነኝ። ሰው ላይ መሳቅ እወዳለሁ፣ ሲሳቅብኝ ግን አልችልም። እናቴ "የአንተ ነገር፣ መስጠት እንጂ መቀበል አታውቅም" ትለኝ ነበር፤ ስለ ተረብ ነው የምትለው።

ያቺ ክፉ ቀን ከመድረሷ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ እዚያው ባሕር ዛፍ ሥር ነጭ ፒካፕ ቆማ አየሁና ለይርጋ መብራት ብልጭ አደረግሁለት። እሱ ምስኪን አምኖኝ መንገዱን ሁሉ ሲንፏቀቅ ዋለ፤ ደብረ ታቦር ሲደርስ የመጫን ተራው አልፎታል። ለካስ ፒካፗ ጎማ የፈነዳባት የሌላ መሥሪያ ቤት መኪና ኖራለች! በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ሹፌሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ይርጋ ብድግ አለና "ኧረ ወገን፣ ለአበልጄ መነጽር ግዙለት! ነጭ ነገር ካየ ራዳር ነው የሚመስለው። ነገ ነጠላ የለበሰች ሴት ቢያይ መብራት ሊያበራልኝ ነው!" አለ። ምሳ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ምሳዬን ግን ሳልጨርስ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መናኸሪያ ውስጥ ስሜ "ራዳር" ሆነ። ተራ አስከባሪው ሳይቀር "ና ራዳር፣ ተራህ ደርሷል" ይለኝ ጀመር።

ያቺ ቀን የወሩ ማርያም ነበረች። ከደብረ ታቦር ሰው ጭኜ ወደ ወረታ እወርዳለሁ። መንገድ ላይ ነጯ ፒካፕ ከፊት ለፊቴ መጥታ አለፈችኝ፤ ሳጅኗ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ከተማ እየተመለሰች ነው። ደስ አለኝ። ነካሁት። ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ቅዳሴ ወጥቷል። ሕዝቡ አስፋልቱን ሞልቶታል፤ አሮጊቱ፣ ሽማግሌው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ጠበል በጀሪካን የያዘው፣ ሁሉም ነጭ በነጭ። ጥሩምባዬን እያምባረቅሁ፣ እየተበሳጨሁ፣ በመካከላቸው ተሹለክልኬ አለፍኩ። አየኋቸው። ይህን ቃል ልድገመው፤ አየኋቸው። አንዲት ሴት በጥሩምባዬ ደንግጣ ወደ ጠርዝ ስትል ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ኋላ የሞተችው እሷ ትሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም።

ኩርባውን እንደዞርኩ ይርጋ ዳገቱን ጨርሶ ብቅ አለ። ገና ከሩቅ አውራ ጣቱን ከመሪው በላይ ወዘወዘልኝ፤ "መንገዱ እንዴት ነው?" ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ነው። ስነቃም ስተኛም የምመላለሰው እዚህች ላይ ነው። እጄ ወደ መብራቱ ሄዳ ነበር። "ሰው አለ፣ መብራት ላብራለት፣ ራዳር መስሎት ቀስ ይላል" ብዬ አስቤያለሁ። አላሰብኩም ብል ይሻለኝ ነበር፣ ግን አስቤያለሁ! ከዚያ ምሳ ቤቱ ትዝ አለኝ። ደብረ ታቦር ይደርስና ራዳር አለመኖሯን ያውቃል፤ "አላልኳችሁም? ነጠላ አይቶ መብራት አበራ!" ብሎ ሊያስቅብኝ ነው አልኩ። እጄን መለስኩ። መልሼም ዝም አላልኩም። ዝም ብል እንኳ ተጠራጥሮ ቀስ ይል ነበር። መዳፌን ከፈትኩና ወደ ፊት ገፋሁለት። ክፍት ነው፣ ንካው። ጋቢና የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሰላም ያልኩት መስሏቸዋል። ይርጋ ጥርሱን ብልጭ አድርጎልኝ ነካው።

እኔ ነኝ ንካው ያልኩት። መሪውን እሱ ይያዘው እንጂ ያን መኪና እዚያ ሕዝብ መሃል የሰደድኩት እኔ ነኝ።

ወረታ ደርሼ ሰው ሳወርድ ስልኬ ጮኸ። አንድ ሹፌር ነው። "ይርጋ ሰው ገጨ" አለኝ። ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች፤ የጋፋት ሴት ናት፣ ስለት ልታደርስ ነበር የመጣችው፣ የልጆች እናት ናት። እዚያው አስፋልቱ ላይ ነፍሷ ወጣች። ሌላ ሹፌር ቢሆን መኪናውን ጥሎ በእርሻ ውስጥ ይሮጥ ነበር፤ ይርጋ ግን ወርዶ አቅፏት ነው የተገኘው። ሕዝቡ ሊደበድበው መጥቶ እንኳ አልለቀቃትም አሉ። እኔ ይህን እየሰማሁ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? በቃል ሳይሆን በሆዴ? "እጄን ያየ ሰው አለ?" ነው ያልኩት። የመጀመሪያ ሐሳቤ እሷ አልነበረችም፣ እሱም አልነበረም። ራሴን ነው ያሰብኩት።

ይርጋ በዋስ ወጥቶ ሳለ እርቅ ይውረድ ተባለ። የአገሩን ወግ ታውቃለህ፤ ደም ሲፈስ ሽማግሌ ገብቶ፣ አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ የሟች ቤተሰብ ደጅ ይወድቃል። "አበልጁ ነህ፣ አንደበትም አለህ፣ ሽማግሌዎቹን ይዘህ ቅደም" አሉኝ። ቀደምኩ። ይርጋ ድንጋዩን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ፤ እኔ ጋቢዬን አጣፍቼ ከፊት። የብርቄ ባል አያ ምናሉ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ተናገርኩ። "አጥፍተናል፣ ደም ፈሷል፣ በደላችንን ይዘን እግራችሁ ሥር መጥተናል፣ ስለ እመብርሃን ብላችሁ…" አልኩ። ያን ቀን ድምፄ ያምር ነበር። ሴቶቹ አለቀሱ። "አጥፍተናል" ያልኩት ለወግ መሰላቸው። በዚያ ሁሉ ንግግሬ ውስጥ አንዲቷ እውነት እሷ ነበረች፣ እሷንም ማንም አልሰማት።

አያ ምናሉ ተንቀሳቅሰው መጡና ድንጋዩን በራሳቸው እጅ ከይርጋ ትከሻ አወረዱት። "ለእመብርሃን ብዬ ትቼልሃለሁ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ ጉንጬን ሳሙኝና "አንተ የደግ ልጅ፣ ቂም ይዤ እንዳልሞት ያደረግኸኝ አንተ ነህ" አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! ድንጋዩ የማን ነበር? ለማን ነበር የሚገባው? አልተናገርኩም። ከእሳቸው ቤት እንጀራ ቆርሼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ፍርድ ቤት ዳኛው ይርጋን "ሰው በሚበዛበት ቦታ ለምን እንዲያ በረርክ?" ብለው ጠየቁት። "ቸኩዬ ነው" አለ። ይህን ብቻ። ስሜን አላነሳም፣ ስለ ምልክቱ አልተነፈሰም፤ ሹፌር ሹፌርን አሳልፎ አይሰጥም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ወደ ማረሚያ ቤት ሲወስዱት ዞር ብሎ አየኝና በአገጩ "አይዞህ" አለኝ። እኔን አይዞህ!

ይህ አልበቃኝም። ስለ መንገድ አደጋ ስብሰባ ተጠራ። ትራፊኮቹም፣ ሹፌሮቹም፣ የአካባቢው ሰውም ነበሩ። አንድ አዛውንት ተነስተው "ያቺ የትራፊክ መኪና ያን ቀን ቆማ ቢሆን ብርቄ ዛሬ በሕይወት ነበረች። እሷ በቆመችበት ቀን አንድ ዶሮ ተገጭቶብን አያውቅም" አሉ። ያን ጊዜ እኔ ብድግ አልኩ። ማን ተነስ አለኝ? "አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የራዳር ነው" አልኩ። "ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ነቅሎ ዛፍ ሥር ፒካፕ እንዲፈልግ ያስተማረችው እሷ ናት። ስትኖር እንፈራለን፣ ስትሄድ እንለቃለን። ይህ ጥበቃ ነው ወይስ ድብብቆሽ?" ሹፌሩ አጨበጨበ፣ ከትራፊኮቹም ራሱን የነቀነቀ ነበር። ሳጅኗ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ለምን ቦታዋን እንደለቀቀች ስትጠየቅ ሰንብታ ነበር፤ በኋላ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች አሉ። ያቺ ጉቦ የማትበላ ሴት የእኔን ጥፋት ተሸክማ ሄደች።

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ራዳር ስትሄድ የምንለቅ መሆናችን እውነት ነው። እኔ ግን ያን እውነት መሸሸጊያ አደረግሁት። አዛውንቱ ያሉትም እውነት ነው። ዛሬ "ራዳር ይጠቅማል ወይ?" ብትለኝ፣ አዎ ይጠቅማል እልሃለሁ። የሰው ልጅ እንደ እኔ ያለ ከሆነ፣ ለነፍስ የማያዝን ቅጣትን ግን የሚፈራ ከሆነ፣ በየኩርባው ይትከሏት። ሳጅኗ ያን ቀን ባሕር ዛፉ ሥር ብትሆን እኔ ወድጄ ሳይሆን በግዴ መብራት አበራ ነበር፣ ብርቄም ስለቷን አድርሳ ቤቷ ትገባ ነበር። ይህን ያህል ነው የኔ ደግነት። ትራፊክ ካለ ደግ ነኝ።

ይርጋ ቅጣቱን ጨርሶ ወጣ። መንጃ ፈቃዱ የለም፤ ልብ ኖሮት መሪ የሚይዝም አይመስለኝም። መናኸሪያው አጠገብ ጎማ እየጠገነ ይኖራል። ተረቡ ጠፍቷል። እንደወጣ ሰሞን ልጠይቀው ሄድኩ፤ ጨዋታ ጨዋታ ስንል ቆየንና ድንገት ቀና ብሎ አየኝ።

"አበልጄ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅህ። ያን ቀን ሰዎቹን አይተሃቸው ነበር?"

"ኧረ የለም" አልኩ።

"በማርያም?"

"በማርያም። እኔ ሳልፍ ማንም አልነበረም።"

ትንፋሹን ለቀቀ። "ተመስገን። እንግዲያስ ቀኗ ደርሶ ነው" አለ። በማርያም ማልኩ። በማርያም ዕለት፣ ከማርያም ደጅ ስትመለስ ለሞተች ሴት በማርያም ማልኩ። ሲዖል ለኔ ካልሆነ ለማን ነው የተሠራው?

እንዲህ ሆኜ ዕድሜዬን እጨርስ ነበር። በቅርቡ ግን አያ ምናሉ ከጋፋት ድረስ በእግራቸው ቤቴ መጡ። ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙብኝ። የብርቄን ልጅ ሊድሯት ነው። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰር ለሴት ልጅ ዋስ ይጠራላታል፤ ነገ ብትበደል አለሁሽ የሚል፣ ቃሉ የሚታመን ሰው። "ብርቄ ብትኖር እሷ ትመርጥ ነበር። አሁን እኔ ነኝ መራጩ፣ ለልጄ ከአንተ የሚሻል ዋስ ከወዴት አመጣለሁ?" አሉኝ። ምን ልበል? "አንቱ ያሉኝን እምቢ አልልም" አልኩ። አፌ ነው ያለው። መርቀውኝ ሄዱ። ሚስቴ "እንዴት ያለ ክብር ነው!" ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

በማግስቱ ይርጋ ጋ ሄድኩ። ጎማ ከቸርኬ እያወጣ ነበር። ሰላም እንኳ አላልኩትም።

"አይቻቸው ነበር" አልኩት።

የያዘው ብረት ከእጁ ወደቀ። ስለ ምን እንደማወራ አልጠየቀኝም። ለምን መብራት እንዳላበራሁለትም ነገርኩት፤ ምሳ ቤቱን፣ ሳቁን፣ የነጠላዋን ቀልድ። ሁሉንም። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ተመኘሁም። እሱ ግን ጎማው ላይ ቁጭ አለና ቅባት የነካ እጁን ሲያይ ቆየ።

"አያ ምናሉ ጋ ሽማግሌ ሆነህ ውሰደኝ" አልኩት። "ያኔ እኔ እንደወሰድኩህ።"

"አልወስድህም" አለ። "ብቻህን ሂድ።"

ዞሬ ልሄድ ስል ነው ከጀርባዬ የተናገረው።

"እስር ቤት ሆኜ ማታ ማታ እጸልይልህ ነበር እኮ። እመቤቴ፣ አበልጄ ሳያውቅ ነው እጁን የዘረጋልኝ፣ ጸጸት እንዳይገድለው አደራሽን፣ እያልኩ።"

ለብርቄ ሞት ይሉኝታን ላመካኝ እችል ይሆናል፤ ሹፌር መሆኔን፣ ሰው መሆኔን ላመካኝ እችላለሁ። ለዚያ ጸሎት ግን የማመካኘው የለኝም። ስለዚህ አንተ የምታነበው፣ ይቅር በለኝ አልልህም፣ አንተም ይቅር አትበለኝ። እሁድ ጠዋት ጋፋት እሄዳለሁ። አያ ምናሉን ፊት ለፊት አይቼ ለልጃቸው ሌላ ዋስ እንዲፈልጉ፣ ለምን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። ከፊቴ ቆሞ የሚናገርልኝ ሰው የለም።